የሬን ለ ሻቶ ቄስ ሀብት የመጣው በፖስታ ነው

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ገጾች ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። በደቡብ ፈረንሳይ ስለምትገኝ ሬን ለ ሻቶ ስለምትባል መንደር ነው የሚያወራው። «አንተ እዚያው አገር ነህና ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ?» እያሉ ለእኔም የላኩልኝ ወዳጆች ጥቂት አይደሉም። ጽሑፉ ይነበባል፤ ጸሐፊው መተረክ ያውቁበታል። ችግሩ ከተረኩት አብዛኛው ያልሆነ ነገር መሆኑ ነው። ይበልጥ የሚቆጨው ደግሞ የመንደሯ እውነተኛ ታሪክ ራሱ ጉድ የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ በተፈጠረው ታሪክ መሸፈኑ ነው።

በመጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሬን ለ ሻቶ ዛሬ መቶ ሰው እንኳ የማይሞላባት ብትሆንም ድሮ ሬዴ የምትባል፣ 30,000 ሕዝብ የነበራት፣ ቪዚጎቶች የተባሉት የጥንት የጀርመን ነገድ መናገሻ ነበረች ይላሉ። ቪዚጎቶች በ410 ሮምን ሲዘርፉ፣ ሮማዊው የጦር አዛዥ ቲቶ ከኢየሩሳሌም ያጋዘውን የቤተ መቅደስ ንዋያተ ቅድሳት፣ ታቦቱን ጭምር፣ ወስደው በዚህች ኮረብታ ሥር ቀበሩት። በ1885 የተሾመ ቤራንዠ ሶኒየር የሚባል ድሃ ቄስ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድስ ውስጡ ክፍት በሆነ ዓምድ ውስጥ የምስጢር ብራናዎች አገኘ፤ በብራናዎቹ ተመርቶ ሀብቱን ደረሰበት፤ በአንድ ጊዜም ከበርቴ ሆነ። ምስጢሩንም በሰይጣን ሐውልትና በበሩ ላይ ባለው ጽሑፍ ሰውሮ ተወልን። ከጀርባው ከ1099 ጀምሮ በስውር የሚሠራ «የጽዮን ማኅበር» የሚባል ድርጅት አለ። ሠዓሊው ፑሳንም ነገሩን ያውቅ ስለነበር መቃብሩን በሥዕሉ አሳይቶናል። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ቄሱን አፍ አስያዘችው፣ መንግሥትም ቁፋሮ ከለከለ፤ «የሚደበቅ ነገር ከሌለ ክልከላው ለምን አስፈለገ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እንግዲህ በየተራ እንሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስለ 30,000 ነዋሪ

መንደሯ ያለችው በኦድ አውራጃ ውስጥ፣ ከካርካሶን በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው። የኦድ ወንዝ ከፒሬኔ ተራሮች ወርዶ በኩዊዛ ከተማ ያልፋል፤ ሳልስ የሚባለው ትንሽ ወንዝም ከምሥራቅ መጥቶ እዚያው ኩዊዛ ላይ ይቀላቀለዋል። ሬን ለ ሻቶ ከሁለቱም በላይ፣ 435 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ጉብ ብላለች። ከኩዊዛ ወደ ላይ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ከአራት ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዙሪያው ድንጋያማ ነው፤ ቁጥቋጦ፣ የዱር ጥሩ መዓዛ ቅጠሎች፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ የወይን ማሳ። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው፣ የአገሩ ሰው ሴርስ የሚለው ነፋስ ሲነሣ ኮረብታው ላይ መቆም ራሱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ ጸሐፊው በመንደሯ አለ ያሉት ፍል ውሃ እዚያ የለም፤ ያለው በሳልስ ሸለቆ በምትገኘው በሌላዋ ሬን፣ ሬን ሌ ባን ውስጥ ነው።

አሁን 30,000 ሰው በዚህ ጫፍ ላይ አስፍሩ። አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን አሥር ሊትር ብቻ ይበቃዋል እንበል። 300,000 ሊትር ማለት ነው። አንድ አህያ 60 ሊትር ከጫነች፣ በየቀኑ 5,000 የአህያ ጭነት ከሸለቆ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሳልስማ ከምንጩ ጀምሮ ጨው ያለበት ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነበር ቢባል እንኳ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ማጠራቀሚያ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ መቃብር፣ ግንብና መንገድ የት ገባ? እንዲህ ያለ ትልቅ ከተማ ፍርስራሽ በኮረብታው ላይ አልተገኘም። ካርካሶን ግንቦቿ ቆመው ይታያሉ፤ ናርቦን የሮማውያን ድንጋይ ሞልቷታል። ከሁሉም ትልቅ የተባለችው ከተማ ብቻ ድንጋይ ሳትተው ትጠፋለች?

የምቀበለው አለ። ሬዴ የምትባል ቦታ ነበረች፤ የኦርሌያኑ ጳጳስ ቴዎዱልፍ በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአካባቢው ሲያልፍ ከካርካሶን ጋር ጠርቷታል፤ ራዜስ የተባለው አገረ ገዢነትም ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ብዙ ሰዎች ሬዴ የዛሬዋ ሬን ለ ሻቶ ናት ይላሉ፤ ልትሆን ትችላለች። ቪዚጎቶችም ይህንን አገር ለረጅም ጊዜ ገዝተዋል። መናገሻቸው ግን ቱሉዝ ነበረች፤ በ507 በፍራንኮች ከተሸነፉ በኋላም ወደ ናርቦንና ወደ ስፔን ነው የሸሹት። የምሽግ ኮረብታ ነበረች ቢባል እስማማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው በሬ ወለደ ነው።

ስለ ኢየሩሳሌም ንዋያተ ቅድሳት

እዚህ ላይ ጸሐፊው ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በስድስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፣ የቪዚጎቶቹ ንጉሥ አላሪክ ከሮም የዘረፈው ሀብት፣ የሰሎሞን ንዋያት የተባሉትም እንዳሉበት፣ ካርካሶን ውስጥ እንደነበረና ፍራንኮች እሱን ፍለጋ ከተማዋን እንደከበቡ ይናገራል። ትክክል ነው፤ ጽሑፉ አለ። ይሁንና ጸሐፊው ጥቅሱን መሃሉ ላይ ቆርጠውታል። ያው ፕሮኮፒዮስ ቀጥሎ፣ የኦስትሮጎቶቹ ንጉሥ ቴዎዶሪክ ደርሶ ከበባውን እንደሰበረ፣ በካርካሶን ያለውንም ሀብት ሰብስቦ ወደ ራቬና እንደወሰደው ጽፏል። በሌላ ቦታ ደግሞ የኢየሩሳሌም ንዋያት በ455 በቫንዳሎች እጅ ከሮም ወደ ካርታጎ እንደሄዱና በ534 የቢዛንታይኑ የጦር አዛዥ በልሳርዮስ ወደ ቁስጥንጥንያ እንዳመጣቸው ይተርካል። ምስክሩ አንድ ሰው ነው፤ ከምስክርነቱ የሚጠቅመንን መርጠን የቀረውን መጣል አንችልም። ደግሞም ከካርካሶን እስከ ሬን ለ ሻቶ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር የሞላው ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው፤ ፕሮኮፒዮስ መንደሯን በስም አያውቃትም።

ታቦቱን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ስሜት እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ስለ አክሱም ግን እዚህ አልከራከርም፤ አያስፈልገኝምም። ሮም ውስጥ ያለውን የቲቶን የድል ቅስት ማየት ይበቃል። የምርኮው ሰልፍ ተቀርጾበታል፤ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ፣ ገበታውና መለከቶቹ ይታያሉ። ታቦት የለም። በዘመኑ የነበረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስም፣ በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ምንም እንዳልነበረ ነው የጻፈው። ቲቶ ያላገኘውን ቪዚጎቶች ከቲቶ ሊዘርፉት አይችሉም።

ስለ ቄሱ

የክርክሩ እምብርት እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቆየት እላለሁ።

ሶኒየር የሩቅ አገር ሰው አልነበረም። በ1852 የተወለደው ከኩዊዛ አጠገብ ባለችው በሞንታዜል ነው። በ1885 ሲሾም ሬን ለ ሻቶ 300 ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ የመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በእርጅና ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት ለካቶሊክ ቄሶች ደመወዝ ይከፍላል፤ የገጠር ቄስ በዓመት 900 ፍራንክ ያገኝ ነበር። ሶኒየር ግን በተሾመበት ዓመት በጥቅምቱ ምርጫ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሪፐብሊካኖቹን እንዳትመርጡ ብሎ ሰበከ። ደመወዙ ታገደ፤ ወደ ናርቦን ተላከ፤ በ1886 ተመለሰ። ይህችን ነገር ጸሐፊው አላነሷትም፤ ብዙ ነገር የምትፈታው ግን እሷ ናት። ይህ ሰው የንጉሣውያን ወገን ነበር፤ እንዲህ ላለ ቄስ በዚያን ጊዜ እጁን የሚዘረጋ ባለጸጋ አይጠፋም። ከዙፋኑ ጠያቂ ቤተሰብ የሻምቦር ካውንት ሚስት የነበሩት እመቤት 3,000 ፍራንክ ሰጥተውታል። የመጀመሪያው እድሳት የጀመረው በእንዲህ ያለ ስጦታ ነው። ብራና አላስፈለገውም።

ትልቁ ገንዘብስ? ለዚህ መልሱ ቅዳሴ ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ለሙት ዓመትና ለተዝካር ወደ ካህን መሄድ እናውቃለን። በካቶሊኮች ዘንድ አንድ ሰው ለሞተበት ዘመድ ወይም ለታመመ ልጁ በስሙ እንዲቀደስለት ለቄሱ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል፤ በሶኒየር ዘመን አንድ ፍራንክ ወይም አንድ ፍራንክ ከሃምሳ ሳንቲም ገደማ። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ገንዘቡን የተቀበለ ቄስ መቀደስ አለበት፣ በተለመደው ቀንም ከአንድ ቅዳሴ በላይ ገንዘብ ሊያስቀር አይችልም። ከአቅሙ በላይ ከመጣለት ገንዘቡንም አደራውንም ለሌላ ቄስ ማስተላለፍ ግዴታው ነው።

ሶኒየር ያደረገው ይህንን ሕግ ወደ ንግድ መቀየር ነበር። በካቶሊክ ጋዜጦች ማስታወቂያ አወጣ፤ ለገዳማትና ለምእመናን ደብዳቤ በተነ፤ ከፈረንሳይ ከየአቅጣጫውና ከውጭም ሐዋላ ይጎርፍለት ጀመር። የባቡር ሐዲዱ ከካርካሶን ኦድን ተከትሎ ኪያን የደረሰው በ1878 ነው፤ ኩዊዛ መንገዱ ላይ ናት። ከኮረብታው ሥር የባቡር ጣቢያና ፖስታ ቤት ባይኖር ይህ ንግድ አይታሰብም ነበር። ጸሐፊው «በዚያ ጠፍ መንደር ገንዘብ ከመሬት ካልሆነ ከየት ይመጣል?» ይላሉ። ከኩዊዛ ነዋ! ይህም ግምት አይደለም፤ የሶኒየር የሒሳብ ደብተሮችና የደብዳቤ መዝገቦች ተርፈዋል። የላኪው ስም፣ የቅዳሴው ብዛት፣ ገንዘቡ በተራ ሰፍረውባቸዋል። ወርቅ የሸጠበት ገጽ የለም።

የሀገረ ስብከቱ ፍርድ ቤት ስለ ገንዘቡ ሲጠይቀው ራሱ ያቀረበው ሒሳብ 193,000 ፍራንክ ገደማ ነበር። ለማነጻጸር ያህል ሁሉንም በቅዳሴ አገኘው ብለን አንድ ፍራንክ ከሃምሳ ብናስበው ከ128,000 ቅዳሴ በላይ ይሆናል። በቀን አንድ እየቀደሰ ለመጨረስ ከ350 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በእርግጥ ሁሉም በቅዳሴ የመጣ አይደለም፤ ስጦታም ነበረበት፤ የመንደሯን ፎቶ በፖስት ካርድ አሳትሞም ሸጧል። ቢሆንም ጳጳሱ ምን እንዳስቆጣቸው ለማወቅ ይህች ስሌት ትበቃለች። ሙታኖቻቸው እንዲታሰቡላቸው ሳንቲም የላኩ ሰዎች ቅዳሴያቸውን አላገኙም። እኔ በበኩሌ ከተደበቀ ወርቅ ይልቅ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

በገንዘቡ ምን ሠራ? ቤተ ክርስቲያኑን ከጨረሰ በኋላ ከ1901 ጀምሮ ቪላ ቤታኒ የተባለውን ቤት፣ የአትክልት ቦታውንና ወደ ሸለቆው የሚመለከተውን የማግዳላ ግንብ አሠራ። ግንቡ መጻሕፍት ቤቱ ነበር። ቪላው ውስጥ እንኳ አልኖረበትም፤ ያደረው በቄስ ቤቱ ነው። መሬቱንና ሕንጻውን በቤት ሠራተኛው በማሪ ዴናርኖ ስም አደረገው። ጥሩ ቤት ነው፣ አልክድም፤ ግን ሄዶ ያየው ሰው የሚያስበው የአንድ ደህና ነጋዴ የበጋ ቤት ነው እንጂ የሰሎሞንን ሀብት ያገኘ ሰው ቤተ መንግሥት አይደለም።

አሁን ጸሐፊውን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ሶኒየር ወርቅ አግኝቶ ከነበረ፣ በአንድ ፍራንክ ከሃምሳ ሳንቲም ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ እየጻፈ ለምን ሲለምን ኖረ? ንግዱ ሲከለከልበት ለምን ተቸገረ? በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለምን ከባንክ ተበደረ? በጥር 1917 ሲሞት የተወው ሕንጻና ያልተቋጨ ሒሳብ ነው።

ለጸሐፊው የምተውላቸውም አለኝ። በ1887 መሠዊያው ሲነሣ ሠራተኞች አንዳንድ አሮጌ ሳንቲም አዩ የሚል የቃል ምስክርነት አለ፤ ሊሆን ይችላል፤ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ሳንቲም መገኘት ብርቅ አይደለም። በመጋቢት 1895 ደግሞ የመንደሯ ሰዎች ቄሱ መቃብሮቻችንን እያመሰ ነው ብለው ለአውራጃው አስተዳዳሪ አቤቱታ ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው፣ ነገሩም ደስ አይልም። ምን ይፈልግ እንደነበር ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊናገር አይችልም። ከ«ምን ይፈልግ ነበር» እስከ «ታቦቱን አገኘ» ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ስለ ብራናዎቹና ስለ ሆቴሉ

ማሪ ዴናርኖ ንብረቱን ለኖኤል ኮርቡ ለሚባል ሰው በ1946 አስተላለፈች፤ እሷ በ1953 ሞተች። ኮርቡ በ1955 ቪላውን ምግብ ቤትና ሆቴል አደረገው። አስቡት፤ ከዋና መንገድ የራቀ ኮረብታ፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ነፋስ። ማን ምሳ ሊበላ እዚያ ድረስ ይወጣል? ኮርቡ ለእንግዶቹ ስለ «ባለ ሚሊየኑ ቄስ» መተረክ ጀመረ፤ በጥር 1956 ላ ዴፔሽ ዱ ሚዲ የተባለው የክልሉ ጋዜጣ ታሪኩን በተከታታይ አወጣው። እንግዳ ጎረፈ፣ አካፋ የያዘውም ተከተለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ በኮርቡ ታሪክ ውስጥ ሀብቱ የኢየሩሳሌም አልነበረም። የአሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ንግሥት የብላንሽ ደ ካስቲይ ነበር። ቪዚጎቶቹ፣ ቤተ መቅደሱ፣ ቴምፕላሮች የተባሉት የመስቀል ጦር መነኮሳት፣ ካታሮች የተባሉት የመካከለኛው ዘመን መናፍቃን ኋላ ተጨመሩ፤ በ1982 በእንግሊዝኛ የወጣ መጽሐፍ የክርስቶስ ዘር የሚል አከለበት፤ በ2003 የወጣው ልቦለድ፣ «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ»፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን ሶኒየር ብሎ ሰየመና ዓለም ሁሉ አወቀው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ላይ ግን ሁሉም የጨመረው ወሬ ነው። በእውነት የተገኘ ሀብት ቢሆን ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር ባለቤቱ ባልተለወጠ ነበር።

ብራናዎቹ በአደባባይ የታዩት በ1967 ዠራር ደ ሴድ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ያውም ቅጂያቸው። ዋናውን ያየ ሰው የለም። ያዘጋጃቸው ፊሊፕ ደ ሼሪዜ የተባለ የቲያትርና የጨዋታ ሰው ሲሆን፣ እሱ ራሱ እኔ ነኝ የሠራኋቸው ብሎ አምኗል። ክፍት ዓምድ የተባለውም ዛሬ በመንደሯ ሙዚየም ውስጥ አለ። በካሮሊንግ ነገሥታት ዘመን (ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው መቶ ዓመት) የተቀረጸ ድንጋይ ነው፤ ሶኒየር በ1891 ገልብጦ የእመቤታችን ሐውልት መቆሚያ አድርጎት ነበር። ላዩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ለማያያዣ የተወቀረች ትንሽ ቀዳዳ ናት። የብራና ጥቅልል የሚገባባት አትመስልም።

ስለ «የጽዮን ማኅበር»

በኢየሩሳሌም በመስቀል ጦርነት ዘመን የጽዮን እመቤታችን ገዳም የሚባል ነበር፤ ይህንን እቀበላለሁ። ጸሐፊው የሚያወሩለት ማኅበር ግን የተመዘገበው በ1956፣ በስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ባለችው ሳን ዡሊያን አን ዠኔቯ ነው። መሥራቹ ፒየር ፕላንታር፣ ስሙም በአቅራቢያው ካለ የጽዮን ተራራ ከሚባል ኮረብታ የመጣ። በጊዜው የሚያወጣው መጽሔት ስለ ርካሽ የኪራይ ቤቶች ነበር የሚከራከረው! ፕላንታር የሬን ለ ሻቶን ታሪክ የሰማው ኋላ ነው፤ ሰምቶም ራሱን ሜሮቪንግ ከሚባሉት የጥንት የፍራንኮች ነገሥታት ዘር ለማድረግ ተጠቀመበት።

«ሰነዶቹ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ» የሚለው የጸሐፊው ማስረጃ እውነት ነው፤ ይገኛሉ። በ1960ዎቹ እነፕላንታር ራሳቸው በስውር ስም ጽፈው ያስገቡት ስለሆነ ነው የሚገኙት። ቤተ መጻሕፍት የተሰጠውን ያስቀምጣል፤ በውስጡ ላለው ቃል ዋስ አይሆንም። ፕላንታር በ1993 በሌላ ጉዳይ በመርማሪ ዳኛ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ ነገሩ የእሱ ፈጠራ መሆኑን አምኗል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቅረብ?

ስለ ሰይጣኑ፣ ስለ በሩና ስለ ሥዕሉ

የቤተ ክርስቲያኑን በር አልፈው ሲገቡ በግራ በኩል ሰይጣን አለ። በአንድ ጉልበቱ በርከክ ብሏል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ አፉ ተከፍቷል፤ በትከሻው ላይ የጸበል ገንዳ ተሸክሟል። ከገንዳው በላይ አራት መላእክት ቆመው በአራት እንቅስቃሴ ያማትባሉ፤ ከሥራቸው «በዚህ ምልክት ታሸንፈዋለህ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ሰይጣኑን ብቻ ፎቶ አንስተው «የሀብቱ ጠባቂ» አሉት፤ መላእክቱን ከፎቶው አስቀሯቸው። ሙሉውን ላየ ሰው ምስጢር የለበትም፤ የተሸነፈ ሰይጣን ሸክም ተሸክሞ ጸበል ሲያቀርብ ነው። አስሞዴዎስ ነው የሚሉትም መጽሐፈ ጦቢትን ላነበበ አዲስ ስም አይደለም። ደመወዙን ባስቆረጡበት ሪፐብሊካኖች የተናደደ ቄስ ሰይጣንን ጉልበቱን አስበርክኮ ደጃፉ ላይ ቢያቆመው ማን ይገረማል? የመስቀል መንገድ ምስሎቹም የተገዙት ቱሉዝ ከነበረው የዢስካር የቅዱሳን ሐውልት ፋብሪካ ነው። ተመሳሳያቸው በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አለ፤ ኮድ ከሆነ ቱሉዝ ያለው ፋብሪካ ለብዙ መንደር ሸጦታል ማለት ነው። የሰይጣኑ ሐውልት ብዙ ተሰቃይቷል፤ በሚያዝያ 2017፣ በፈረንሳይ የፕሬዝዳንት ምርጫ ቀን፣ አንዲት ሴት ገብታ አንገቱን ቆርጣዋለች።

በበሩ ላይ በላቲን የተጻፈውና ጸሐፊው እንደ እርግማን ያነበቡት ቃል የያዕቆብ ነው፤ ዘፍጥረት 28፥17፦ «ይህ ስፍራ እንዴት ያስፈራል፤ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለም»። በላቲኑ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያን ሲባረክ የሚዜም ነው።

ፑሳን ላይ አልቆይም። በሥዕሉ ላይ ያለው ነው የሚሉት፣ በአርክ መንደር አቅራቢያ በፖንቲል የነበረው መቃብር የተሠራው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ፑሳን የሞተው በ1665። በ1988 ባለቤቱ የጎብኚ ብዛት ቢሰለቸው አፈረሰው።

ስለ ጳጳሱና ስለ ክልከላው

«ቤተ ክርስቲያን አፍ አስያዘችው» ለሚለው፣ በእርግጥ ተቀጥቷል። አዲሱ የካርካሶን ጳጳስ ቦሴዡር በ1909 ወደ ሌላ መንደር አዛውረውት አልሄድም አለ፤ በ1910 ተከሰሰ፤ በ1911 ከክህነት ሥራ ታገደ። የክሱ ፍሬ ነገር የቅዳሴ ንግድና የማይገለጥ ሒሳብ ነው። ምስጢር ለመደበቅ የፈለገ ጳጳስ ሰውየውን ደብተሩን ይዞ በችሎት እንዲቀርብ አያስገድደውም፤ ዝም ብሎ ይሾመዋል። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ጳጳስ ቢያር ያደረጉት እንዲያውም ዝም ማለት ነበር፤ በ1897 ለእድሳቱ ምርቃት መንደሯ ድረስ መጥተዋል።

ቁፋሮ የተከለከለውስ? ክልከላው የመጣው ከፓሪስ ወይም ከቫቲካን ሳይሆን ከመንደሯ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በ1965። ከኮርቡ ታሪክ በኋላ አካፋ የያዘ፣ ብረት መፈለጊያ የያዘ፣ ጭራሽ ድማሚት የያዘ ሰው ኮረብታውን ይቆፍር ነበር። ሰው በሚኖርበት ቤት ሥር ማለት ነው። ጸሐፊው በመንደራቸው ቤታቸው መሠረት ሥር እንግዳ ሰው በሌሊት ፈንጂ ቢቀብር ምን ያደርጉ ነበር? በ2004 ደግሞ የሶኒየር አፅም ከመቃብር ቦታው ተነሥቶ ወደ ራሱ ግቢ ተዛውሯል፤ ሙታን ያረፉበት ቦታ የሰው መተላለፊያ ሆኖ ስላስቸገረ ነው። ትንሿ ጎረቤት ቡጋራሽም በ2012 ዓለም ሲጠፋ የሚድኑት እዚያ ያሉት ናቸው ተብሎ ፖሊስ ወደ ተራራው የሚወስደውን መንገድ ለመዝጋት ተገዷል። አገሩ እንዲህ ያለ ወሬ ለምዷል፤ የሚከፍሉትን ዋጋ የሚያውቁት ግን እዚያ የሚኖሩት ናቸው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር አቀርባለሁ፤ ከክርክሩ ሁሉ አጭሩ መንገድ ነው። ከጥር 1956 በፊት የተጻፈ፣ የሬን ለ ሻቶን ብራናዎች የሚጠቅስ አንድ ነገር ያሳዩኝ። ደብዳቤ ይሁን፣ የጋዜጣ ቁራጭ ይሁን፣ የሀገረ ስብከት ወረቀት ይሁን፣ ከሶኒየር ደብተሮች አንድ መስመር ይሁን። ካገኙ ይህንን ምላሽ አንስቼ የእሳቸውን ጽሑፍ በገጼ ላይ አወጣለሁ።